የሐረጎ ጭጋግ ስንት ነው?

እኔ ደሴ እኖራለሁ፤ ልጄ ኮምቦልቻ ትሠራለች። በመካከላችን ሐረጎ አለ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጭጋጉ ከዳገቱ ላይ አልነሣም ብሎ ይተኛል። ልጄ በሚኒባስ ትመላለሳለች። እኔ ቤቴ ተቀምጬ በሐሳብ አብሬያት እመላለሳለሁ፤ እያንዳንዱን ጥምዝ አብሬያት እዞራለሁ። ማታ ስትገባ ከእሷ ይልቅ የሚደክመኝ እኔን ነው።

መንገድ ላይ እያለች እደውልላታለሁ።

«ጭጋግ አለ?»

«የለም እማ።»

«ምንም?»

«ትንሽ አለ።»

«ትንሽ ስትይ ምን ያህል ነው?»

«እማ፣ ሰው እየሰማኝ ነው» ትልና ትዘጋዋለች። የዘጋችው ተናዳ ይሁን ሚኒባሱ ተገልብጦ፣ እኔ በምን አውቃለሁ? ስለዚህ እንደገና እደውላለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ምስር እየለቀምኩ፣ አባቷ ሬዲዮ እየሰማ፣ «ኮምቦልቻ አንዲት ክፍል ልከራይና እዚያው ል...» ብላ ጀመረች። እኔ «እምቢ» አልኩ፤ አባቷ «እሺ» አለ። እኛ ቤት አንድ ጥያቄ ሳያልቅ ሁለት መልስ ያገኛል።

«ለምን እምቢ አልሽ?» አለችኝ።

ለምን እንደሆነ ነገርኳት። ኮምቦልቻ ሙቀት ነው። ሙቀት ባለበት ወባ አለ። የቤቱን ባለቤት አላውቃትም። በሩ ይዘጋ አይዘጋ አላውቅም። ምድጃ ለኩሳ እንቅልፍ ቢወስዳትስ? ብቻዋን ናት፤ ሌሊት ቢያማት ማን ይሰማታል?

«መንገዱንም ትፈሪያለሽ፣ ቤቱንም ትፈሪያለሽ። ታዲያ የት ልሁን? አየር ላይ?»

«አየር ላይማ ንፋስ አለ» አልኳት። ቀልዴን አልነበረም።

ልጄ የተማረችው የኮምፒውተር ነገር ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሥራዋ ምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ጠይቄያት አልገባኝም ነበር፤ የዚያን ቀን ግን በደንብ ነገረችኝ። ማሽን የሚያውቀው «አለ» እና «የለም» ብቻ ነው አለች። ሞቋል፣ አልሞቀም። እሷና ጓደኞቿ ግን «ትንሽ ሞቋል»፣ «ሞቅ ሞቅ ብሏል»፣ «በጣም ግሏል» የሚለውን ያስተምሩታል።

«ለማሽን ትንሽን ታስተምሪያለሽ፤ ለእናትሽ ሲሆን ግን ትንሽ ጭጋግ ብለሽ ስልክ ትዘጊያለሽ» አልኳት።

ይሄኔ ሳቀችና ሰፌዱ አጠገብ ቁጭ አለች። አንድ ፍሬ ምስር አነሣች።

«ይሄ ንጹሕ ነው?»

«ነው።»

ሌላ አነሣች። «ይሄስ?»

«እሱ ጠቆር ብሏል።»

«ድንጋይ ነው?»

«ኧረ ምስር ነው።»

«ታዲያ ወጥ ውስጥ ይገባል?»

አሰብኩ። «ለእንግዳ ከሆነ አይገባም። ለአባትሽ ይገባል።»

«ሰምቻለሁ!» አለ አባቷ ከሬዲዮው ጀርባ።

«አየሽ» አለች ልጄ፤ «ጥርት ላለው አንድ እንሰጠዋለን። ለድንጋዩ ዜሮ። ለዚህ ጠቆር ላለው ደግሞ ዜሮ ነጥብ ስድስት። ከንጹሕ ምስሮች ስብስብ ውስጥ ነው፤ ግን በስድስት አስረኛው ብቻ ነው ያለው። ይሄ ደብዛዛ ስብስብ ይባላል። ዳር ድንበሩ ድብዝዝ ያለ ማለት ነው።»

«ዕድሉ ማለትሽ ነው?»

«አይደለም። ምስሩማ እጅሽ ላይ ነው፤ እያየሽው ነው። ያልታወቀው ንጹሕ የሚለው ቃል እስከየት እንደሚደርስ ነው።»

ያኔ አንድ የጥንት ነገር ትዝ አለኝ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አስተማሪያችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብ ይሥሉና ፍየል፣ በግ፣ ዶሮ እያሉ እንስሳውን ውስጥ ያስገባሉ፤ ድንጋይና ወንበሩን ውጭ ያስቀምጣሉ። እኔ እጄን አውጥቼ «እንቁላልስ የት ትገባለች?» አልኩ። «ውጭ» አሉ። «ዶሮ ታቅፋት ልትፈለፈል የደረሰችስ? ውስጧ ጭው ጭው እያለ?» አልኩ። እሳቸውም ክቡን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ «ቁጭ በይ» አሉኝ። እስከዛሬ ያቺ እንቁላል ውጭ ናት።

ይህን ለልጄ ብነግራት እጇን አጨበጨበች። «እማ! የታቀፈች እንቁላል ማለት እኮ ቀን በጨመረ ቁጥር ከዜሮ ወደ አንድ የምትሄድ ናት!» ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ እንቁላሌን የሚያስገባልኝ ሰው ተገኘ። እውነቴን ነው፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

እንግዲህ ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔን የሚችለኝ ጠፋ። ዳቦ ቤት ገብቼ «ትኩስ ነው?» አልልም፤ «ትኩስነቱ ስንት ነው?» እላለሁ። ባለ ዳቦዋ መጀመሪያ ዋጋ የጠየቅኋት መስሏት ነበር፤ ኋላ ለምዳ «ዛሬ ነጥብ ስምንት አለሽ» ትለኝ ጀመር። ልጄም ሐረጎ ላይ ሆና ስደውል «ነጥብ ሦስት» ብላ ትዘጋለች። ይሄ ከሁሉ ይሻላል፤ አጭር ነው፣ ሰው ቢሰማም የሎተሪ ይመስለዋል።

የልጄ አባት ደግሞ አንድ ጠዋት ጫማውን እያሰረ «እኔስ በባልነቴ ስንት ነኝ?» አለኝ።

«አሁን ነው?»

«አሁን።»

«ያን ጭቃ ጫማ ምንጣፌ ላይ አድርገህ ነጥብ ሦስት። ማታ ዳቦ ይዘህ ስትመጣ እናየዋለን።»

ማታ ሁለት ዳቦ ይዞ መጣ።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ከልጄ ተጋጨን። የወጥ ቤቱን በር የሚሠራልን አናጢ «ነገ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ» ብሎ ሄደ። ልጄ «ስንት እንስጠው?» አለች።

«አስተግፊሩላህ! የአላህ ፈቃድ በነጥብ አይለካም!»

«የአላህ አላልኩም። የአናጢው።»

አሰብኩበት። የአናጢውን መለካትስ ምንም ወንጀል የለውም። «የአናጢው ነጥብ አንድ» አልኳት። በሩ እስከዛሬ በገመድ ነው የሚታሰረው።

የክፍሉ ጉዳይ ግን እንዳለ ነበር። ልጄ አልተወችውም። ገና ጎህ ሳይቀድ ትነሣለች፤ ስትመለስ እራት እየበላች ታንቀላፋለች። «ፍርሃቶችሽን አንድ በአንድ ንገሪኝና ቁጥር ስጪያቸው» አለችኝ። ሰጠኋት። ሙቀት አንድ። ወባ አንድ። ምድጃ አንድ። በር አንድ። የማላውቃት ሴትዮ አንድ።

«ሐረጎስ?»

«አንድ።»

ጭንቅላቷን ያዘች። «እማ፣ ሁሉም አንድ ከሆነ ምንም አልለካሽም። እንዲህማ ከሆነ ማሽኑ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አይችልም።»

«እኔስ መቼ መረጥኩ?»

«አይ፤ አንቺ ሳትመርጪ ሐረጎ ተመርጧል። በየቀኑ የምወርደው እኮ በእሱ ነው» አለችኝ። ይህቺ ነገር ሆዴ ገባች። ስለዚህ ተስማማን፤ አብሬያት ወርጄ ክፍሉን በዓይኔ አይቼ እዚያው ቁጥር ልሰጥ፤ የቤቱ ፍርሃት ከመንገዱ ፍርሃት ካነሰ ልፈቅድ፤ ከበለጠ ሁለተኛ ላታነሣብኝ። ወላሂ ብዬ ምያለሁ። አባቷም ምስክር ነበር፤ በልቡ ግን ከእሷ ጋር እንደሆነ አውቃለሁ።

እሑድ ጠዋት ለመንገዱ ተዘጋጀሁ። ሹራብ፣ ካፖርት፣ ከላይ ነጠላ። ቦርሳዬ ውስጥ ለልጄ ሌላ ሹራብ፣ ጃንጥላ፣ ለማቅለሽለሽ ሎሚ፣ እና ከራሴ ሳጥን ላይ የፈታሁት ጓጉንቸር። «ጓጉንቸሩ ምን ያደርግልሻል?» አለች ልጄ። ምን እንደሚያደርግልኝ አላውቅም ነበር። ግን የማላውቀው አገር ባዶ እጄን አልሄድም።

መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ገብተን ቁጭ አልን። ሹፌሩ ጎረምሳ ነው። ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ «ልጄ፣ እንቅልፍህን ጠግበሃል?» አልኩት።

«ማዘር አብሽሪ፣ ጠግቤ ነው የተኛሁት።»

«ከዜሮ እስከ አንድ ስንት?»

«አስር!»

«ውረጂ» አልኳት ልጄን። ልኬቱ አንድ ላይ እንደሚያልቅ ያልገባው ሰው፣ አስፋልቱ የት ላይ እንደሚያልቅ በምን ይገባዋል? ረዳቱ «እማማ፣ ሞልቷል እኮ፣ ልንወጣ ነው!» ይላል፤ ልጄ ፊቷን በሻሿ ሸፍናለች። ተከታዩ ሚኒባስ ላይ ያሉት ሹፌር ሸምገል ያሉ ናቸው። ጥያቄዬን አቀረብኩላቸው። አልሳቁብኝም። መሪውን ይዘው አሰቡና «ነጥብ ሰባት። ሌሊት የልጅ ልጄ አስነሥቶኛል» አሉ። መርሐባ ብዬ ልክ ከኋላቸው ተቀመጥኩ።

ሐረጎን ልንወርድ ስንል ልጄ ጆሮዬ ሥር መጥታ «እማ፣ አሁን ጭጋግ ውስጥ ነን?» አለች። «ኧረ አይደለንም» አልኳት፤ ዛፉ ሁሉ ይታያል። ትንሽ ሄደን «አሁንስ?» አለች። «እንጃ፣ ነጥብ ሁለት።» ከዚያ ከሎሚዬ ቀና ስል ከፊታችን ያለው መኪና መብራቱ ብቻ ቀርቷል።

«አሁንማ ገብተናል!»

«መቼ ገባን?»

ወደ ኋላ ዞርኩ። ጭጋጉ በር የለውም። እዚህ ጋ ውጭ ነበርን፣ እዚህ ጋ ገባን የምልበት ቦታ የለም። እያንዳንዷ ጥምዝ ትንሽ ትንሽ ጨምራ ነው ያስገባችን። ስንወጣም እንደዚያው፤ ነጣ፣ ሳሳ፣ ከዚያ ፀሐይ። ሐረጎ ራሱ አንድ አይደለም ማለት ነው አልኩ በልቤ። ለልጄ ግን አልነገርኳትም፤ የምትከራከርበት ነገር አሳልፌ አልሰጥም።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ካፖርቴን ሚኒባሱ ውስጥ አወለቅሁ፣ ሹራቤን መናኸሪያው ላይ አወለቅሁ፤ የልጄን ሹራብ ደግሞ ቦርሳው አልይዝ ብሎ ክንዴ ላይ ነው። ከቤቱ ስንደርስ የሰልባጅ ነጋዴ መስያለሁ። በሩን የከፈቱልን በእኔ ዕድሜ ያሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ሹራብ ለብሰዋል።

«በእመቤቴ! ደሴን ገፈው ነው እንዴ የመጡት?» አሉ ልብሱን አይተው።

«ሙቀቱ እኮ ነው እቴ» አልኩ ላቤን እየጠረግሁ።

«ሙቀት? ዛሬማ ብርድ ብርድ ይላል» አሉ ሹራባቸውን እየቆለፉ።

ተያየን። ልጄ ከመካከላችን ቆማ ፈገግ ስትል አየኋት።

ክፍሉን አሳዩን፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ወደ ኋላ የሚያይ አንድ መስኮት። ከዚያ ሳሎን አስቀምጠውን ሻይና ፓፓያ አቀረቡ። ሻዩ ስኳሩ ከመብዛቱ የተነሣ ማንኪያው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ልጄ ስለ ልኬቱ በትሕትና አስረዳቻቸው፤ ጥሩ ለሆነው አንድ፣ ለማይረባው ዜሮ። ሴትየዋ ወዲያው ገባቸው፤ እንዲያውም ደስ አላቸው። ልጄ ስልኳን አውጥታ ጀመረች።

«እትዬ፣ የበሩ ቁልፍ እንዴት ነው?»

«ኧረ ምን ቁልፍ አለውና! ዜሮ በይው።»

እኔ ግን ቁልፉን አይቼዋለሁ። ዳቦ ያህላል። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ጓጉንቸር አፍሮ ሲሸማቀቅ ተሰምቶኛል።

«እማስ?»

«ማሻአላህ! አንድ ነው እንጂ!»

«ውሃውስ?»

«ይሄ ደግሞ ውሃ ሆኖ ነው? ነጥብ አንድ» አሉ። ግቢው ውስጥ በርሜሉ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው።

«አንድ» አልኩ እኔ።

«ሻዩ ቀጠነባችሁ አይደል?» አሉ ደግሞ በመካከሉ።

«ኧረ አንድ ነው! እንዲህ ያለ ሻይ ጠጥቼም አላውቅ!» የኋለኛው እውነት ነው።

ልጄ ስልኳን አየች፣ እኛን አየች። «ውጤቱ ይሄ ቤት ገነት ነው ይላል፤ ፍርስራሽም ነው ይላል» አለች።

ምን እናድርግ? እንግዳ ያመሰግናል፣ ባለቤት ያጣጥላል። አገሩ እንደዚህ ነው። ቁልፌ ግሩም ነው የሚል ባለቤት፣ ሻይሽ ከረሜላ ሆኗል የሚል እንግዳ ማን አይቶ ያውቃል?

ሴትየዋ ግን አሁን ጉዳዩ ጥሟቸዋል። ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። «እኔም ልጠይቅ እንጂ! ማሽኑ የእናንተ ብቻ ነው እንዴ? ለመሆኑ ልጅዎ እሳት ታጠፋለች?»

አሁን እዚህ ላይ ማንም እናት ብትሆን የምትለውን ነው ያልኩት። ልጅን በባዕድ ፊት ማመስገን ነውር ነው፤ ዓይንም ይጠራል።

«የእኔ ልጅ? ኧረ ምን ታውቅና! ነጥብ ሁለት።»

«በር ትዘጋለች?»

«ካስታወሰች ነው። ነጥብ ሦስት።»

«በጊዜስ ትገባለች?»

«ምን በጊዜ ትገባለች! አባቷን ነው የመሰለችው።»

በወጉ ቢሆን ሴትየዋ እዚህ ላይ «ኧረ ልጅዎማ ወርቅ ናት!» ሊሉ ይገባ ነበር። እሳቸው ግን የሚጨነቁ ሰው ናቸው፤ ቁጥሩ ደግሞ አንዴ ጆሯቸው ገብቷል። ፊታቸው ሲገረጣ አየሁ። የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«አፉ ይበሉኝ እህቴ። የጣሪያዬ ኮርኒስ ጨርቅ ነው። እሳት የማታጠፋ ልጅ እቤቴ ላስገባ አልችልም። ክፍሉን አላከራይም።»

እንግዲህ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ቃል ሳልከራከር፣ መሐላዬንም ሳላፈርስ፣ የፈለግሁት ሆነልኝ። እዚያው ለምስጋና ሱጁድ ብወርድ አይበዛም ነበር። ነገር ግን ልጄን አየኋት። ልጄ ስትናደድ ትጮኻለች፤ እሱን ለምጄዋለሁ። ስታዝን ግን ዕቃዋን ትሰበስባለች። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሹራቧን ከክንዴ ላይ ወስዳ በሥርዓት አጠፈችው። ካፖርቴንም አጠፈችው። «እሺ እማ፣ ሰዓቱ ሳይመሽ እንመለስ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ዓይኗ ሥር ጥቁር ጥቁር ብሏል። በየቀኑ ጎህ ሳይቀድ የምትነሣ ልጅ መልክ ነው፤ እኔ ደግሞ በየቀኑ የማየው ጭጋጉን ብቻ ነበር።

ሌላም ነገር ልናገር፤ ተናደድኩ። ልጄን እምቢ? የእኔን ልጅ?

«ቆይ ቁጭ በይ!» አልኳት። ወደ ሴትየዋ ዞርኩ። «ልጄ እሳት አታጠፋም ያለው ማነው?»

«እርስዎ ነዎታ!»

«እኔማ ወግ ነው! ምን ልበል ታዲያ? ልጄ ግሩም ናት ልበል? እርስዎስ ቁልፉን ዜሮ አላሉም? ያ ቁልፍ ዜሮ ከሆነ ባንኩ ሁሉ በምን ይዘጋል?»

«ወግ ነዋ!» አሉ እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«ሻዩስ ቀጥኗል?»

«ወግ ነዋ! ቆይ፣ እርስዎስ አንድ ነው አላሉም?»

«ስኳሩ በዝቷል!» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ እጄን አፌ ላይ አደረግሁ።

ሴትየዋ ብርጭቆውን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ ሳቅ ነው። እኔም ያዘኝ። ልጄ ቦርሳዋን ታቅፋ ሁለታችንንም እንደ እብድ ታየናለች።

«አንድ ዙር ያለ ወግ እንበል» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

ያለ ወግ መናገር ቀላል ይመስላል። ልጄን ሳይሆን በሩን እያየሁ ነው የጀመርኩት። «እሳት ማጥፋት...» ምላሴ ተያዘ። «እሳት ማጥፋት ነጥብ ዘጠኝ። አንዷን ነጥብ የቀነስኩት ለዓይን ነው። ማሻአላህ ይበሉ።»

«ማሻአላህ» አሉ ሴትየዋ፤ አማተቡም።

«በር መዝጋት ነጥብ ዘጠኝ፤ ከእኔ ነው የተማረችው። በጊዜ መግባት፣ ሥራዋ ካልያዛት፣ አንድ። ዕቃ ማጠብ ነጥብ አራት።»

«እማ!»

«ያለ ወግ ተባለ። ዕቃ ሲጠራቀምባት ወደ ነጥብ ስምንት ትወጣለች። ጠዋት መነሣት ነጥብ ሦስት፤ ግን ትነሣለች፤ እንዴት እንደምትነሣ እሷና አላህ ናቸው የሚያውቁት።»

ልጄ ይሄኔ ወለሉን አየች። አመስግኛት አላውቅም ነበር መሰለኝ።

ተራው የሴትየዋ ሆነ። ቁልፉ ነጥብ ዘጠኝ። ውሃው ሲመጣ እንዲህ ይፈስሳል፣ ሲጠፋ ይጠፋል፤ ነጥብ አምስት። የኋላ መስኮቱ ግን መንጠቆ እንጂ መዝጊያ የለውም፤ ነጥብ ሁለት። ከዚያ አቀርቅረው የሹራባቸውን ቁልፍ እየነካኩ እንዲህ አሉ፦ «እኔ ራሴ ደግሞ ለተከራይ ከባድ ነኝ። ኮሽ ካለ እነሣለሁ። በሩን ቆልፌ ተመልሼ እፈትሻለሁ፣ አልጋዬ ላይ ወጥቼም እንደገና እፈትሻለሁ። ተከራይ ካልገባች ዓይኔ አይከደንም። ዘግይታ ስትመጣ በልተሻል ወይ፣ ለብሰሻል ወይ እያልኩ እነዘንዛለሁ። ጭቅጭቄ ነጥብ ዘጠኝ ነው። ያለፈችው ልጅ የወጣችው በዚህ ነው።»

ያ ረቢ! በሕይወቴ እንዲህ ያለ የሚጣፍጥ ቁጥር ሰምቼ አላውቅም።

ልጄ ስልኳን ቀስ ብላ እንደገና አወጣች። ፊቷ ላይ ሌላ ዓይነት ጭንቀት አየሁ። «እማ፣ ይሄ ጭቅጭቅ ከየትኛው ወገን ይግባ?»

«ከጥሩው!» አልኩ።

«ከመጥፎው ነው!» አለች።

«እኔ ነኝ ፈሪዋ፤ የሚለካው የእኔ ፍርሃት ነው» አልኳት። መሐላችንን አስታወስኳት፤ ከጥሩው ወገን ጻፈችው። ቦርሳዬን ከፍቼ ጓጉንቸሬን አወጣሁ፤ ሴትየዋና እኔ ሄደን የኋላ መስኮቱ መንጠቆ ላይ አስገባነው። ቀጭ አለ። ሁለታችንም ተራ በተራ ጎተትነው። ከዚያ ተመልሰን ሳሎን ደርሰን እንደገና ሄደን ጎተትነው። እኔና እሷ እንዲህ ጎን ለጎን ቆመን ስንጎትት፣ አንቺ ተባብለናል፤ መቼ እንደጀመርን አላስታውስም፤ እሱም እንደ ጭጋጉ በር አልነበረውም።

«እሺ እማ» አለች ልጄ፤ «የቤቱ ፍርሃትሽ አሁን ስንት ነው?»

ያለ ወግ። «ነጥብ አራት።»

«ሐረጎስ?»

አንድ ልል አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን ዛሬ ጠዋት በዓይኔ አይቼዋለሁ። «ሲነጣ ነጥብ ሦስት፣ ሲጠቁር ነጥብ ዘጠኝ። በየቀኑ ሲሆን ግን ነጥብ ሰባት።»

ልጄ ስልኩን አልነካችውም። እሱን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም። ሴትየዋ ለማረጋገጥ ያህል «እና? ተከራየች?» አለች። «ተከራየች» አልኩ። ልጄ ተነሥታ አንገቴን አቀፈችኝ፤ የታጠፈው ካፖርትና ሹራብ ሁሉ መሬት ወደቀ።

አሁን ልጄ ኮምቦልቻ ነው የምታድረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ዓይኗ ሥር ያለው ጥቁረት ጠፍቷል። ግን «እማ፣ በአንዷ እናት ፈንታ ሁለት ሆኑብኝ» እያለች ታማርራለች። ሴትየዋ ልጄ ስታስነጥስ ትደውልልኛለች። «ማታ አንዴ አስነጠሰች፣ ምን ላድርግ?» ትለኛለች። እኔም፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሁሉ አብሽሪ ሲለኝ የኖርኩት ሴትዮ፣ «አብሽሪ እቴ፣ አንዴ ማስነጠስ ነጥብ አንድ ናት» እላታለሁ። ሰውን ማረጋጋት እንዲህ ደስ እንደሚል ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። የልጄ አባት ይሰማኝና በሳቅ ይሞታል።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ምስር ወጥ ሠርቼ ልጄን እየጠበቅሁ ነው። ለእንግዳ የሚሆነውን ምስር መርጬ፣ ለአባቷ የሚሆነውን ለይቼ። ስልክ ጮኸ፤ ሴትየዋ ናት።

«እዚህ ልብሷን ለብሳ ቆማለች፤ አላስወጣኋትም። ደሴ ላይ ጭጋጉ ስንት ነው? ከነጥብ ሰባት ከበለጠ ነገ ትምጣ።»

በልኬቱ እንድትናገር በስልክ ያለማመድኳት እኔው ነኝ። ወደ መስኮቱ ሄድኩ። የጦሳ ተራራ አይታይም። የጎረቤት ጣሪያም አይታይም። እውነቱን ለመናገር የራሴ አጥርም አይታይም። ወጡ ምድጃው ላይ ይንተከተካል፤ ልጄን ካየኋት ሳምንት ሆኖኛል።

«ሃሎ? ስንት ነው?» አለች ሴትየዋ።

«ቆይ» አልኳት፤ «መስኮቱን ልወልውለው።»